የተተኩት ጫጩቶች

ፀጉር ሠሪዋ ጫጩቶቹን የገዛችው ለባሏ ስትል ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ከጥንቃቄው ብዛት ተሳፋሪ የሚያሰለች፣ ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬን የሚይዝ ሰው። ሰፈሩም «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሰነበተና ሲወጣ የልብ ሐኪሙ መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው፤ ሚስቱንም ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ሆነ ሥራው። ምግብ ስታቀርብለት «አስቀምጪው»፣ ስታጫውተው «እሺ»። ሰውየው በቁሙ እያለቀባት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፌርማታው አጠገብ በካርቶን ጫጩት የሚሸጥ ሰው አየች። አብዛኞቹ ይንጫጫሉ፤ ጥግ ላይ ያሉት ግን ክንፋቸውን ጥለው ያንቀላፋሉ።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«መንገድ ደክሟቸው ነው እናቴ። ውሃ ሲቀምሱ ይነቃሉ።»

ነገሩ አላማራትም። ግን ቤት የሚጠብቃት የባሏ ጀርባ ትዝ አላትና ገዛች።

ባሏ መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔን ማስታመም አንሶሽ ነው?» አለ። ጫጩቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሲርመሰመሱ ግን ቀና አለ። በማግስቱ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር ፈቶ ሳጥን ሠራ፣ ሰጋቱራ አነጠፈ፣ አምፖል አንጠለጠለ። ሲሸሹ ሙቀቱ በዝቷል ብሎ አምፖሉን ከፍ፣ ተጠጋግተው ሲከመሩ በርዷቸዋል ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። እንዳይሰጥሙ ብሎ የውሃ ሳህናቸው ውስጥ ጠጠር ደረደረ።

«ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! በር ላይ አትቁሙ!» ሲል ከወጥ ቤት ሰማችው። ስንት ጊዜ የራቃት ድምፅ ነው። የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች።

አንድ ማለዳ ሳጥኑን ስትከፍት አንዷ እግሯን ዘርግታ ደርቃለች። ከኋላዋ ነጭ ኩስ ተጣብቆባታል።

«ተሳፋሪዎቼ እንዴት አደሩ?» አላት ባሏ ከአልጋው።

«ደህና ናቸው» አለች፤ ሳጥኑን በጀርባዋ ከልላ።

ሬሳዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወደ ሻጩ ሮጣ ሌላ ገዛችና ባሏ ሊታጠብ ሲገባ ከመንጋው ቀላቀለቻት። አላወቀም። ሌላ ቀን ሌላ ሞተች፤ ያቺንም ተካች። እየቆየ ልማድ ሆነባት። ጠዋት ጠዋት ባሏ ሳይነሳ ሳጥኑን ትፈትሻለች፤ የምትተካቸውም ከበፊቶቹ ቶሎ ቶሎ ያንቀላፉ ጀመር።

ሲጨንቃት አንዷን የሞተች ይዛ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ጓንቷን አጥልቃ መረመረችና ሁሉንም ጠየቀቻት።

«እኔ እንደማየው ከእናታቸው፣ በእንቁላሉ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እርስዎ ደግሞ ከዚያው ሰው እየገዙ እየጨመሩበት ነው። የቀሩት መወገድ አለባቸው፤ ሳጥኑም ይቃጠል» አለች። ቀና ብላም፣ «ቤት ውስጥ አቅም ያነሰው ሰው የለም አይደል? ከታመመ ጫጩት ወደ ሰው የሚሻገር በሽታ አለ።»

«የለም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ቤት ገባች። ባሏ የሸሚዙን ቁልፍ ፈቶ አንዲት ጫጩት ደረቱ ላይ አስተኝቷል።

«ይቺ በርዷታል። እዚህ ስትሆን ነው ዝም የምትለው» አለና ምንቃሯን ሳማት።

«ኧረ እጅህን ታጠብ!»

«ራት መች ቀረበና?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ላይ ቀለም መጥቶ ነበር። አንጀቷ አልቆርጥ አላት። ነገ፣ አለች በሆዷ።

በነጋታው ባሏ ከአልጋው መነሳት አቃተው። ትኩሳቱ እጅ ያቃጥላል፤ ሆዱን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ልቡ ነው ብላ ሆስፒታል አደረሰችው። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ልቡን አዳመጠና ወደ ሆዱ ዞረ።

«ሰሞኑን ምን በላህ? ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?»

«ምንም የለም» አለ ባሏ ፈጠን ብሎ። በዓይኑም ጠቀሳት፤ እንዳይወስዱብኝ ዝም በይ ማለቱ ነው።

ዝም ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ግን ከንፈሩ መድረቁን አየች።

«ጫጩቶች አሉ» አለች። «ታመዋል።»

«የቱ ታመመ?» አለ ባሏ። «ትናንት ሲሯሯጡ አልነበር?»

«የሞቱትን እየጣልኩ ሌላ ስተካ ነበር።»

ሐኪሙ ነርሷን ጠርቶ ምርመራ አዘዘ። ባሏ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ልትይዘው ስትል ቀስ ብሎ ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው።

ትኩሳቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ትተርፋለህ የሚለው አልነበረም። እሷ በመሐል ቤት ደርሳ የቀሩትን ጫጩቶች ለእንስሳት ሐኪሟ አስረክባ፣ ሳጥኑን አቃጥላ፣ ወለሉን በበረኪና አጥባ ተመለሰች። ኋላ መድኃኒቱ ያዘለት፤ ከስቶ፣ ድጋፍ ይዞ ቤቱ ገባ። ባዶውን ጥግ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እንዲህ ሆኖ ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ሾርባ ስታጎርሰው እጇን ያዘ።

«ከመጀመሪያዎቹ የተረፈ ነበር?»

አዎ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አልነበረም» አለች።

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን አትዋሺኝ።»

«እሺ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ያኔ ልቤን ታምሜ ከሆስፒታል ስንወጣ የልብ ሐኪሙ ለብቻሽ ጠርቶ ምን አለሽ?»

ማንኪያውን አስቀመጠች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሐኪሙ እንዳላት አድርጋ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።