አማት ጠላፊው

ሴት ልጅ መጥለፍ ነውርም ወንጀልም ነው። አማት ስለመጥለፍ ግን እስከዛሬ የተናገረ ስለሌለ ካሌብ ሞከረው።

ምን ያድርግ? ቤተልን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ቁጥር አባቷን ጋሼ ሀይለገብርኤልን ወይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወይ እንግዳ ይመጣባቸዋል። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናትና ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ፈርተዋል። ቤተል ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። ስለዚህ ካሌብ ሽማግሌዎቹን በሰው አገር ሀበሻ ከሚሰበሰብበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ ምግብ ቤት አስቀመጠና፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ታክሲውን ቤተክርስቲያኑ በር ላይ አቆመ። ቤትዎ ላድርስዎ ብሎ ጭኖ ሽማግሌዎቹ ፊት ሊያወርዳቸው ነው።

ችግሩ፣ ካሌብ ጨዋ ልጅ ነው። ጋሼ ሀይለገብርኤልን ባገኘ ቁጥር አጎንብሶ እጅ ስለሚነሳ ከፊታቸው ይልቅ ጫማቸውን ያውቀዋል። ያን ቀንም ነጭ ነጠላና ጥቁር ጫማ ሲያይ እንዳቀረቀረ በሩን ከፈተ። ሰውዬው ገቡ፤ እስከ ፌርፋክስ ድረስም አንቀላፉ።

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። መሪያቸው ጋሼ ስዩም፣ የቤተልን አባት አይተው የማያውቁት፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ለመኑ።

"ሰጥቻለሁ" አሉ ሰውዬው። "ሴት ልጅ እንኳ የለኝም። ወንዶቹም ሳያማክሩኝ ነው ያገቡት። ታዲያ እንዲህ ተለምኜ እንዴት እምቢ እላለሁ?"

ካሌብ ቀና ሲል የማያውቀውን ፊት አየ። ሰውዬው ጋሼ ነጋሽ የሚባሉ የኢንግልዉድ ሰፈር ነዋሪ ናቸው፤ ታክሲውን ቤተክርስቲያኑ ለአረጋውያን የላከው መስሏቸው ነበር።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ሚስቴክ ነው፤ ፒክ ላደርግ የመጣሁት ጋሼ ሀይለገብርኤልን ነበር" አለ ካሌብ ላብ በላብ ሆኖ።

ጋሼ ነጋሽ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሀይለገብርኤል ለካ የቅዳሴ ጓደኛቸው ኖረዋል። ወዲያው ደወሉላቸውና ልጅህን ድሬልሃለሁ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ድረስ አሏቸው።

ቤተል እየነዳች አመጣቻቸው። ያ የሚያማቸው ጉልበት ድኖ ነው መሰል፣ ደረጃውን እየዘለሉ ገቡ።

"አንተ ማነህና ነው የኔን ልጅ የምትሰጠው? የምሰጣት እኔ ነኝ" ብለው ጮኹ።

"ሰምተናል" አሉ ጋሼ ስዩም፤ ሽማግሌዎቹም ሁሉ ተቀመጡ።

ጋሼ ሀይለገብርኤል ያመለጣቸውን ቃል ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የቤተልን ፊት ሲያዩ ግን ተዉት። እሁድ እሁድ ምሳ ከኔ ጋር ትበላላችሁ አሉ ብቻ።

ካሌብ በደስታ ጫማቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው አገጩን ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

"ቀና በልና ደህና አድርገህ እየኝ" አሉት። "ሁለተኛ እንዳትሳሳት።"