ሲያነባ የዋለ ደረቅ ዓይን

ጅቡቲ ክረምት የላትም የሚል ሰው ራህመትን አያውቃትም። ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰዉ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ተነፈስን!» በሚልበት ወር የእሷ መከራ ይጀምራል። ያ ደረቅ ነፋስ አቧራውን እየነዳ ካርቲየ 3 ሰፈር ሲገባ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል ቀጥ ብሎ ራህመት ዓይን ውስጥ ነው። ዓይኗ ይቀላል፣ ይቆረቁራታል፣ ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ ማለት ይጀምራል።

ባሏ ዓብዱሰመድ ዲሪያ የሚባለው ስስ የሴቶች ቀሚስ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከድሬዳዋ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ከእሷ ጋር ይዟል። ለደንበኛ ምላሱ ማር ነው፤ ለሚስቱ ደግ ቃል መናገር ግን ጥርስ ከማስነቀል ይብስበታል። ፍቅሩን የሚገልጸው ቬንቲሌተሩን ከፊቷ ዞር በማድረግ ነው። እሷ ደግሞ መልሳ ወደ ራሷ ታዞረዋለች። የድሬ ልጅ ያለ ቬንቲሌተር መቼ ይሆንላታል!

በመጨረሻ እየጎተተ ፋርማሲ ወሰዳት። ባለሙያዋ አይታት፣ «ማዳም፣ ዓይንሽ ደርቋል» ስትል ዓብዱሰመድ ሳቁ አመለጠው።

«እንዲህ እየጎረፈ ነው የደረቀው?»

«ሲደርቅ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ያነባል» አለችው ልጅቷ ሳትስቅ። «ይህን ጠብታ ቀን ቀን ታድርግ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ትያዝበት። ነፋስ ደግሞ ፊቷ ላይ አይምጣ።»

ራህመት ጠብታውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማታ ማታ ታደርገዋለች፣ ቀን ግን ወይ ፍንክች! ነገሩ ወዲህ ነው። በረመዳን ያመለጧትን የጾም ቀኖች ቆጥራ የምትጾመው፣ ቀዷ የምታወጣው በዚህ ወቅት፣ ቀኑ ሲያጥርና ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ጾም ያፈርሳል ብላ ድርቅ አለች። ሴት ለምን ቀዷ እንዳለባት ደግሞ፣ የወር አበባ ነገር ነውና፣ ወንድ ፊት አይወራም። ዓብዱሰመድም እያወቀ ሆድ ይፍጀው አለ።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የእነ ራህመትን አንድ ልጅ ነጅማን ለኒዛር ሊጠይቁ። ኒዛር የሃያብለ ሰፈር ልጅ ነው፤ ወደብ ይሠራል፤ ጨዋ ነው። ነጅማ ለአባቷ «እሱ ካልሆነ ሌላ አታምጡብኝ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ዓብዱሰመድ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሸሚዝ ቀያይሯል፤ ሙሽራው እሱ ነው የሚመስለው።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሼህ ዓብዱልጀሊል ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ማለት ከመጀመራቸው ራህመት ነፋሱ ሲመታት ቆይቶ ከግቢ ገባች። ሰላም ልትል ጎንበስ ስትል እንባዋ ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ። ጠረገችው። ሌላው ተከተለ።

ሼሁ ሻዩን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ልጅቷን መስጠት ከበደሽ?»

ምን ትበል? ቀዷ ላይ ነኝ ትበላቸው? አንገቷን ደፋች። እንባዋ ባሰ።

«በሉ እንነሳ» አሉ ሼሁ ከዘራቸውን እየፈለጉ። «የእናት እንባ ረግጠን ልጅ አንወስድም። ምናልባት ሌላ ጊዜ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ነጅማ «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። ዓብዱሰመድ ብድግ አለ። ዛሬ በዚህ በር ከወጡ «እናትየው አልፈለገችም» ተብሎ ከሃያብለ እስከ ዋራበሌ ይወራል፤ ነገሩም ያበቃለታል።

«ኧረ ሼሃችን፣ አታለቅስም! ዓይኗ ደርቆ ነው!»

አንዱ ሽማግሌ ራህመትን አየት፣ እሱን አየት አደረጉት። «እንዲህ እየወረደ ደርቋል ትለናለህ?»

«ወላሂ! መድኃኒትም አላት። ግን...» ሚስቱን በዓይኑ ይቅርታ ጠየቀና የመጣው ይምጣ ብሎ ተናገረው። «ጾም ላይ ናት። ጠብታው ያፈርስብኛል ብላ ነው የምትሰቃየው።»

ራህመት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሼሁ ግን ነገሩ ገባቸው፤ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ሰበር አድርገው፣ ደረት ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

«ልጄ፣ ዓይን አፍ አይደለም። እኔ ይህን ነፋስ የምችለው በዚህች ነው፤ በረመዳንም አደርጋታለሁ። የራስሽን አምጪና...» ወደ ዓብዱሰመድ ዞሩ። «አንተ አድርግላት። እኔማ ባዕድ ነኝ።»

ዓብዱሰመድ ሰው ፊት እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም። ጠብታውን ከመሳቢያው አምጥቶ አገጯን ቀና አደረገ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች።

«ዓይኔ እዚህ ነው፣ አንተ ሰውዬ!» አለችው በሹክሹክታ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ሁለተኛው ተሳካለት። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ስትገልጠው ጠርቶ ነበር። ቆንጆ ዓይን አላት እኮ፣ ረስቶት ኖሯል።

«አሁንስ ልጄ? ምን ትያለሽ?» አሉ ሼሁ።

«እንኳን ልከለክል፣ እሱን ልጅ ስመርቀው ነው የከረምኩት» አለች ራህመት። «ደስ ብሎኛል። ውሰዷት። ብቻ... አንድ ናት። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ምን እንደምሆን አላውቅም።»

እንባዋ ሞላና ፈሰሰ።

«ኧረ ጨምርላት፣ ጨምርላት!» አሉ ሼሁ።

ዓብዱሰመድ ጠርሙሷን ከደነ። በዚያ በወግ ሸሚዙ እጅጌ የሚስቱን ጉንጭ ጠረገላት።

«ተዉት ሼሃችን፣ ይሄኛው እንባ የራሷ ነው» አለ።