አጎት የመረጠው አጋዘን

በጥብቅ ደኑ የሚሠሩት ጠባቂዎች ሁሉ «አጎት» ነበር የሚሉት። ስለ እንስሳቱ ሲያወራ እንደ እህትና ወንድም ልጆቹ ነው፤ «ያቺ ቀበጥ ትናንት ወለደች»፣ «ያ ሰነፍ ዛሬም ከጥላ አልወጣም» ይላል። አዲስ የተቀጠረ ሰው የቤተሰቡን ወሬ የሚያወራ ይመስለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራ፣ አዳኝ በመጣ ቁጥር የሚገደለውን እንስሳ የሚመርጠው እሱ ነበር። ደንቡ «ያረጀ፣ ከመንጋው የተገለለ ወንድ ብቻ» ይላል። ማን እንዳረጀ ከአጎት የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በዚያ ሳምንት የመጣው አዳኝ የጥርስ ሐኪም ነበር። ትሁት ሰው ነው። መኪናው ውስጥ አጎት ሲያዛጋ አይቶ፣ «ይቺን የኋለኛዋን ጥርስ ቶሎ ያስነቅሏት» ሲለው ተሳሳቁ። ሳቁ በረድ ሲል አጎት ደፈር አለ።

«ዶክተር፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ሥጋውን እንኳ አይበሉትም። ምን ያደርግልኛል ብለው ነው?»

ሐኪሙ በመስኮቱ ወደ ደኑ አየ። «ሳድን ሌላው ሁሉ ይጠፋልኛል፤ ስልኩ፣ በሽተኛው። ደግሞስ እኛ ባንመጣ ይህ ደን ይቆያል? የእርስዎስ ደመወዝ ከየት ይመጣል?»

ይህ እውነት መሆኑን አጎት ያውቃል።

ረፋዱ ላይ አጋዘኑን አገኙት። አጎት አሥራ አንድ ዓመት ያውቀዋል። ቀንዱ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዟል፣ ጎድን አጥንቱ ወጥቷል። «እሱ ነው» ብሎ ጠቆመ። ሐኪሙ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስብ አጋዘኑ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጥይቱ ሆዱን መታው። ዘሎ ጅረቱን ተሻገረና ነጭ ቀለም ከተቀባው የድንበር ድንጋይ ማዶ ወደቀ።

ከድንጋዩ ማዶ ክልከላ ነው፤ ያለ ጥብቅ ደኑ ኃላፊ ፈቃድ መተኮስ አይቻልም። አምና አንድ ጠባቂ እዚያ ተኩሶ ከሥራም ተባረረ፣ ታሰረም። አጎት ሬዲዮውን አወጣ።

«ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፣ አጎቴ» አለች የቢሮው ሬዲዮ ሠራተኛ።

«ምክትላቸውስ?»

«አብረው ናቸው።»

«ልጄ፣ እንስሳው እየተሠቃየ ነው።»

«ገባኝ እኮ! ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

ሐኪሙ ጠመንጃውን አነሳ። «በቃ፣ ልገላግለው።»

አጎት አፈሙዙን ይዞ ወደ መሬት ደፈቀው። «አይሆንም፣ ዶክተር። እርስዎ አድነው ይሄዳሉ። የምታሰረው እኔ ነኝ።» ይህን ሲል የገዛ ድምፁ አስጠላው።

አጎት ቢላ ይዞ ጅረቱን ተሻገረና በደረቱ እየተሳበ ተጠጋ። አጋዘኑ ሲያየው ተፍጨርጭሮ ተነሣ፣ አንጀቱን እየጎተተ ጥቂት ሄደና ወደቀ። አጎት ሁለተኛ ሲሞክርም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛ አልሞከረም። መጠጋቱ ሥቃይ ከመጨመር ሌላ ፋይዳ አልነበረውም።

ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው አዩት። ዝንቡን ለማባረር ጆሮውን ያርገበግባል፣ አንገቱን አዙሮ ቁስሉን ይልሳል። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መሰለ። «ክሊኒክ ውስጥ ቢሆን አንድ መርፌ ይበቃው ነበር» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«አጎቴ፣ ከስብሰባ ወጥተዋል። ነገ በጽሑፍ ያመልክት ነው ያሉት።»

አጎት ሬዲዮውን አጠፋው። አጋዘኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሞተ።

ቆይቶ ሐኪሙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ቀንዱን... መውሰድ እችላለሁ?» አለ። አፍሮ ነበር፤ ግን ጠየቀ።

አመሻሽ ላይ ቢሮ ሲደርሱ ኃላፊው ደንቡን ገልጦ አነበበው። በክልከላው ውስጥ የሞተ እንስሳ ቀንዱ የቢሮው ነው። አዳኙ ምንም ስላላገኘ ፈቃዱ አልተሠራበትም። «ነገ ሌላ ምረጥለት» አለው አጎትን።

አጎት ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሆነውን ለሚስቱ ነገራትና፣ «ነገ አልሄድም» አላት።

«ቅር» አለችው አጠገቡ ተቀምጣ። «እኔ ቅር አይለኝም። ግን አንተ ብትቀር ማንን ይልካሉ?»

«ያን አዲሱን ጠባቂ።»

«እሱ ያረጀውን ከወጣቱ ይለያል?»

አጎት አሰበው። አዲሱ ጠባቂ ቀንዱ ያማረውን ነው የሚያሳየው፤ ቀንዱ የሚያምረው ደግሞ ገና መንጋ የሚመራው ነው። ሚስቱ ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ፈታችለት።

ጠዋት ሐኪሙ መኪናው ውስጥ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ይጠብቀው ነበር።

«ተኙ?» አለው።

«አልተኛሁም።»

«እኔም።»

«ታዲያ ለምን አይተዉትም፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ከመንጋው ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ አጋዘን ብቻውን ሲግጥ አገኙ። አጎት በሩቅ ማያ መነጽሩ ደጋግሞ አየው። ከዚያ በእጁ ጠቆመና ፊቱን አዙሮ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሙ በዚያን ቀን አልሳተም።