ግድግዳውን የታከከው እንሰት

ጵርስቅላ ልጅ ሳለች አባቷ ከአንድ ግንበኛ ጋር ሲያወሩ ሰምታ ነበር። ግማሹን ረስታዋለች፤ ግንበኛው «ከውጭ የረጠበን ግድግዳ ከውስጥ ቢቀቡት ምን ዋጋ አለው?» ያለው ግን ትዝ ይላታል።

ሆሳዕና ከተማ በተከራየችው ቤት አከራይዋ አቶ ባፈና ግድግዳው ላይ የወጣውን ሻጋታ ሦስት ጊዜ በቀለም ሸፈኑት። ሦስቴም ተመልሶ ጠቆረ፤ ሕፃን ልጇም ሳሉ ባሰበት።

ዛሬ እጃቸውን ጎትታ ጓሮ ወሰደቻቸው። እንሰታቸው ግድግዳውን ታክኮ ቆሟል፤ ፍጉና እርጥብ አፈሩ እስከ መስኮቱ ተከምሯል።

«ጋሼ፣ ልጄን የሚያስለው ይሄ ነው!»

«እንሰት ይነቀል ትያለሽ? አንቺ የሀዲያ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ! አባቴም እንሰት ተክሏል፤ ሰው ደረት ላይ ግን አልተከለም!»

ከውስጥ ሕፃኑ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳለ። አቶ ባፈና አንገታቸውን ደፉ።

«ቅዳሜ አነሳዋለሁ።»

«ዛሬ!»

«እሺ፣ ዛሬ። ወደ አጥሩ አዛውረዋለሁ፤ አፈሩንም ራሴ እዝቃለሁ» አሉ።