የባዘዘው ውሻ

ፋንታ ውሻውን ለሦስተኛ ሰው ሊሰጥ ሲነሳ አንድ ነገር ቆርጦ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ እውነት አይናገርም። እውነት ተናግሮ አይቶታል። ከነገራቸው ሰዎች አብዛኞቹ ስቀው ሸኙት፣ ሁለቱ ደግሞ «ይለምዳል» ብለው ወስደው መለሱለት።

ውሻው መከተ ይባላል። ስሙን ያወጣለት የፋንታ ታናሽ ወንድም ባዘዘው ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ከጎረቤት ሙክት ጋር ሲጋፋ አይቶ። ያን ጊዜ ስሙ ያምርበት ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረቱ የግብር ሁከት፣ ገበሬውና የመንግሥት ጦር ከወዲያና ከወዲህ ሲታኮሱ፣ ባዘዘው ከማሳው ዳር ወደቀ። ሬሳውን የሚያነሳ ሰው የደረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። መከተ ከራስጌው ተጋድሞ ነበር፤ አሞራ አላስነካውም። ፋንታ ወንድሙን ቀብሮ ውሻውን እየሳበ ቢቸና ገባ። ባዘዘው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከእሱ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር ይኸው ውሻ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን መከተ ጥይት ከሰማ ሰውነቱ የራሱ አይደለም። ይንቀጠቀጣል፣ ይሸናል፣ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ይወሸቃል። ቀዳዳ ካጣ እግሩ እንደመራው ይሮጣል። ጠመንጃ ማየት ራሱ ያርበደብደዋል። የፋንታ እንጀራ ደግሞ ጠመንጃ ነው፤ የእህል ነጋዴው የአቶ ያየህ መጋዘን ዘበኛ ነውና። ጠመንጃው ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል መጥቶ አገጩን ጉልበቱ ላይ የሚያሳርፈው ውሻ፣ ጠመንጃው ሲወርድ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ገብቶ ሽንቱን ይለቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን ማን ጉዳዬ ይለው ነበር፤ የሰው ጤፍ ላይ መሆኑ ነው ጣጣው።

«አንተን የቀጠርኩህ ለዘበኝነት ነው ወይስ ለውሻ ሞግዚትነት?» አለው አቶ ያየህ አንድ ቀን። «ለሰው ስጠውና አሳርፈኝ።»

መጀመሪያ የወሰደው በግንደወይን መንገድ የሚኖር ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ ነው፤ ለበግ ጥበቃ። ጥር ላይ ልጁን ሲድር ሚዜዎቹ ደስ ብሏቸው ተኮሱ፤ መከተ ከዳሱ ሥር ፈትልኮ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ገደል ውስጥ አገኙት። ቢሆነኝ ራሱ እየጎተተ መልሶ አመጣውና «ይህ ውሻ አይደለም፣ ሌላ ስም ፈልግለት» ብሎ ሄደ። የካቲት ላይ ጠላ ሻጯ ይርጋነሽ ወሰደችው። ሳምንትም አልሞላው፤ አንዱ ጠጪ ሞቅ ሲለው ከደጅ ወጥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። መከተ መደበቂያ ፍለጋ በጋኖቹ መሃል ሲሽሎኮሎክ ትልቁን ገለበጠው። ይርጋነሽ ውሻውን ከነገመዱ መጋዘኑ በር ላይ አስራው፣ ፋንታን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ተመለሰች።

አቶ ያየህ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም፤ ፋንታን ያስፈራውም እሱ ነው። «እስከ ፋሲካ እታገስሃለሁ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ከዚያ ወዲያ እዚህ ግቢ ካየሁት መርዝ ነው የማበላው።»

ፋንታ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቡ ዞረ። በመጨረሻ ትዝ ያሉት የእናቱ ዘመድ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ሞጣ ውስጥ፣ ከአንዲት ደብር አጥር ሥር በተቀለሰች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጅብ በራቸውን እየታከከ አላስተኛ እንዳላቸው ለገበያተኛ ነግረው ነበር። ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይገኛል? ሠርግ የለ፣ ጠጪ የለ። በጾሙ መካከል፣ የአቶ ያየህ መኪና ጤፍ ጭኖ ወደ ሞጣ ሲሄድ፣ ፋንታ ጠመንጃውን ለጓደኛው ትቶ መከተን አቅፎ ከጆንያው ላይ ወጣ። ውሻው መንገዱን ሙሉ ከጭኑ ላይ ተኝቶ ሄደ።

እማሆይ ዳቦ ቆርሰው ብብታቸው ሥር ያዙና ቆይተው ሰጡት፤ ጠረናቸውን እንዲለምድ። መከተ በላ፣ ቀጥሎም እጃቸውን ላሰ።

«ነውር አለው፣ ልጄ?» አሉ እማሆይ። «ንገረኝ፣ እኔ አሮጊት ነኝ።»

«የለውም፣ እማሆይ። ዝምተኛ ነው።»

«እኔስ ጫጫታ መቼ ፈለግሁ።»

ፋንታ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከደብር ጥግ ማን ይተኩሳል ብሎ ለራሱ ነገረው። ውሸቱን ነው። ጎጃሜ ሆኖ፣ ጠመንጃ ይዞ ያደገ ሰው፣ ትልቅ ሰው ሲቀበር ምን እንደሚደረግ ሊጠፋው አይችልም፤ እሱ ራሱ ከስንት ለቅሶ ሜዳ ላይ ተኩሷል። ግን ሰው ማወቅ ያልፈለገውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚረሳ ያውቅበታል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ ሄዶ አያቸው። መከተ ወፍሯል፣ ጠጉሩ አብረቅርቋል። እማሆይ ለጸሎት ሲገቡ እስከ ቅጽሩ በር ይከተላቸዋል፤ ከዚያ አያልፍም፤ እስኪወጡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ጸበል ተረጭቶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳግመኛ ካልተባረከ በቀር እንደማይቀደስበት የታወቀ ነው፤ እማሆይም ከሁሉ በፊት ያስተማሩት ይህንን ነው። ፋንታ በዚያ ቀን ሲመለስ መኪናው ላይ ዘፈነ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ዘፍኖ አያውቅም።

በግንቦት ማለቂያ የአቶ ያየህ አማት ግራዝማች ከፋለ ሞጣ ላይ አረፉ። አቶ ያየህ ለአማቱ ለቅሶ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ስድስት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ነው። ፋንታ አንዱ ነው። ቀብሩ በእማሆይ ደብር መሆኑን የሰማው መኪናው ላይ ሆኖ ነው። ቀድሜ ወርጄ እማሆይን እነግራቸዋለሁ፣ ጎጆው ውስጥ ይዘጉበታል እያለ ራሱን ሲያጽናና፣ መኪናው ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆመበት። ሲደርሱ ሬሳው ለቅሶ ሜዳው ላይ ወጥቶ ሙሾ ተጀምሯል። ሜዳው ከቅጽሩ በር ፊት ለፊት ነው። እማሆይ ከሴቶቹ መሃል ናቸው። መከተ ከበሩ ሥር እንደ ልማዱ ተቀምጧል።

ፋንታን አየው። ጅራቱን አንድ ሁለቴ ወዘወዘ። ቀጥሎ ጠመንጃውን አየና ጆሮው ወደቀ።

ፋንታ ወደ ሴቶቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ አቶ ያየህ ክንዱን ያዘው። «ወዴት ነው? ተሰለፍ እንጂ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።»

«ጌታዬ፣ ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያን ቃል ቢያወጣ፣ ጥይት የሚያሳብደውን ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ተሰለፈ። ሃያ የሚሆን ጠመንጃ ባንድ ላይ ጮኸ፤ አንደኛው የእሱ ነበር።

መከተ ቀዳዳ ፈለገ። ፊት ለፊቱ ሕዝብና ጭስ ነው፤ ከኋላው ቅጽሩ ለሬሳው ተከፍቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑም በር ተከፍቷል። ገባ። ከውስጥ የካህናቱ ጩኸት ተሰማ። ቅኔ ማኅሌቱን አለፈ፣ መጋረጃውንም አልፎ መቅደስ ገባ።

የደብሩ አለቃ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ዛሬ እዚህ ፍትሐት የለም አሉ። የግራዝማቹ ልጆች የአባታቸውን ሬሳ በፀሐይ ላይ ይዘው ቆሙ።

«የማን ውሻ ነው?» አሉ አለቃው።

እማሆይ ከሴቶቹ መሃል ወጡ። «የኔ ነው።»

«ማን ሰጠዎት?»

«ለምኜ ነው ያመጣሁት» አሉ። ወደ ፋንታ አላዩም። ፋንታም ዝም አለ፤ በዕድሜው ካፈረበት ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው ያ ዝምታ ነው።

ዲያቆናቱ በመቋሚያ እየመቱ መከተን አወጡት። ደም ያዘለ አፉን ከፍቶ ዙሪያውን ቃኘና ቀጥ ብሎ ወደ ፋንታ መጣ። ጠመንጃው በእጁ ነው፤ ግን ሌላ የሚሄድበት ሰው አልነበረውም። አቶ ያየህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሰድና ገላግለው» አለው።

ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረዱ። ገመድ አላስፈለገም፤ ውሻው ከጎኑ እየተንቀጠቀጠ ተከተለው። ከዋርካ ሥር ሲደርሱ ፋንታ ተቀምጦ ራሱን ዳበሰለት፣ ባዘዘው እንደሚያደርገው ከጆሮው ኋላ አከከለት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ ተኮሰ። አንድ ጥይት ነው የፈጀው።

ሲመለስ እማሆይ ጎጆው ውስጥ ጓዛቸውን ይሸክፋሉ። ከደብሩ አጥር ሥር እንዲነሱ ተፈርዶባቸዋል። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው።

«ጥይት እንደሚፈራ ታውቅ ነበር?» አሉ እማሆይ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ብትነግረኝ እኮ እምቢ አልልህም ነበር።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ነው። «በሩን ዘግቼበት ለቅሶ እወጣ ነበር። ይኸው ነው ሥራው።»

ከውጭ የአቶ ያየህ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ፋንታ ጓዛቸውን ሊሸከምላቸው እጁን ዘረጋ። እማሆይ ጓዙን ወደ ራሳቸው ሳቡት።