በሮች በኃይል እንዳይዘጉ

የሰባተኛ ክፍል ልጆች አንቀጽ ሲጽፉ «ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው» ብለው ይጀምሩና እዚያው ያበቃሉ። የቋንቋ መምህርቷን ታከታት።

«ሁሉም ሰው የሚባል ምስክር የለም» አለቻቸው። «ቃሉን ከጽሑፉ አምጡልኝ፤ ከዚያ ምን እንደሚያሳይ አስረዱኝ።»

ለመለማመጃ ብላ ጠዋት መተላለፊያው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ገለበጠች። ከአጥሩ ማዶ ለአዲስ ፎቅ መሠረት መቆፈር ከተጀመረ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ ርእሰ መምህሩም ወላጆችን ለማረጋጋት እንዲህ ጽፎ ነበር፦

«ሕንፃው ምንም ስጋት የለበትም። ሆኖም ተማሪዎች ከኋለኛው ግድግዳ ራቅ ብለው እንዲቀመጡ፣ በሮችም በኃይል እንዳይዘጉ እናሳስባለን።»

«የጻፈው ሰው ምን ይሰማዋል?» ስትል ጠየቀች።

አብዛኞቹ «ተረጋግቷል» ብለው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጠቀሱ። ጥያቄ ስለምታበዛ «ወይዘሪት ለምን» የሚሏት ልጅ ግን ተነሥታ የጻፈችውን አነበበች፦

«ጸሐፊው ፈርቷል። ‹በሮች በኃይል እንዳይዘጉ› ይላል። የበር ድምፅ የሚፈራ ሰው ግድግዳው እንደማይችል ያውቃል።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። መምህርቷም ልትስቅ ነበር፤ ማዶ መቆፈሪያው ሲያጓራ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አየችና ጠመኔውን አስቀመጠች።

በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄደች። «ጋሼ፣ ልጆቹን እናስወጣ።»

«በምን ማስረጃ?»

«በራስዎ ቃል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «መሐንዲሱ ሕንፃዋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ትቆያለች ብሎኛል። በይ ነገር አታራግቢ፤ አርፈሽ አስተምሪ!»

ትቆያለች። ይህን ስትሰማ የቀራት ጥርጣሬ ጠፋ። ተመልሳ ልጆቹን «ቦርሳውን ተዉት፤ ሳትሮጡ ውጡ» አለች። የጎረቤት ክፍል መምህርም ነገሩ ገብቶት የራሱን ልጆች አስከትሎ ወጣ። ላይኛው ፎቅ ያለው የሒሳብ መምህር ግን «ፈተና ላይ ነን» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋባት።

ርእሰ መምህሩ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ሜዳው ላይ ደረሰ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ...» ሲል የኋለኛው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ተናደ። ባዶዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ደረጃውም ጭምር፣ አቧራ ሆኑ።

አቧራው ሲገለጥ ከፈረሰው ደረጃ ማዶ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሒሳብ መምህሩ ልጆች ከክፍላቸው አፋፍ ቆመው ይጮኹ ነበር። መሰላል መጣ። አንድ በአንድ ሲወርዱ የቀረው ግድግዳ ያቃስታል። ሁሉም በሕይወት ወረዱ። መጨረሻ የወረደው የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ የፈተናውን ወረቀት ደረቱ ላይ አጥብቆ እንደያዘ፣ ልቀቅ ቢሉት እጁ አልታዘዝ አለው።