በልስን የተሸፈነ ግድግዳ

ገብረየስ ልጅ ሳለ፣ ጫንጮ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ ሁለት ግንበኞች ሲከራከሩ ሰምቶ ነበር። አንዱ፣ «የሰው እጅ ሥራ ትንሽ መሳቱ አይቀርም» ይላል። ሌላው፣ «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ይላል። መልሱ አንድ ጣት ይሁን ግማሽ፣ ዛሬ ከልቡ ጠፍቷል።

ሱሉልታ ላይ ቤቱን ሲሠራ ግድግዳውን ለግንበኛው ለቀጄላ ሰጠው። ቀጄላ የመጨረሻ ልጁን ጆኒን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ነው። አንድ ጎረቤት «ኧረ ቱንቢ አስወርድበት፣ ቀጥ ማለቱን እይ» ቢለው ገብረየስ ተቆጣ።

«በአበልጄ ግንብ ላይ ገመድ ላንጠለጥል? ታቦት ፊት አብረን የቆምን ሰዎች ነን!»

እንዲያውም ቀጄላ ሲሠራ ዞር ይልለት ነበር፤ የሚጠብቀው እንዳይመስለው።

በኋላ የብረት በር ሠሪው ወንዲ በሩን ሊገጥም መጣ። የመግቢያውን ዳር ልስን በውጭ በኩል ፈለፈለና መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። ልስኑ ከላይ ሁለት ሳንቲም ነው፣ ከታች ስድስት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ብሎኬቱ አራት ሳንቲም ወደ ውጭ አጋድሏል። ግማሽ ሳንቲም ቢሆን እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፈው ነበር። ይሄ ግን ሆን ተብሎ ነው የተሸፈነው። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይቀባም!»

ገብረየስ አማተበ። የለሰነውም ቀጄላ ራሱ ነበር።

ተጠርቶ ሲመጣ «አካም ጅርታ፣ አበልጄ!» አለ እየሳቀ። የተፈለፈለውን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ወረደ።

«ታውቅ ነበር?» አለው ገብረየስ።

«ስድስተኛው ረድፍ ላይ ነው የነቃሁት። ዛሬ ይለካኛል፣ ነገ ይለካኛል እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። አንተ ደግሞ ፊትህን ታዞርልኛለህ። ዝም አልኩ፤ ለሰንኩት።»

ገብረየስን ከግድግዳው መጋደል ይልቅ ይሄ አጎበጠው። ለክብሩ ብሎ ዞር ሲልለት፣ ሰውየው ከጀርባው ይሸሽግ ኖሯል።

«አይወድቅም እኮ» አለ ቀጄላ። «ጣሪያውን የተሸከመው ኮለኑ፣ የኮንክሪት ምሰሶው ነው። አራት ሳንቲም ምን አላት?»

«እንግዲያው ና፣ የጆኒን አልጋ እዚህ ግድግዳ ሥር ራስህ አስጠጋለት። የክርስትና አባቱ አይደለህ?»

ቀጄላ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«እዚህስ አይተኛም» አለ። «ሰኞ መጥቼ እስከ መሠረቱ አፈርሰዋለሁ። እንደገና ስገነባው ወንዲ በየረድፉ ይለካኝ። አንተም ቆመህ እይ።»

ገብረየስ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ «እቆማለሁ» አለ።